ሞተሬን ለማን ልሽጥ?

ጡረታ በወጣሁ በስምንተኛው ወር ሞተሬን ልሸጥ ወሰንኩና ማስታወቂያ ለመጻፍ ተቀመጥኩ። «በደንብ የተያዘች፣ በየቀኑ ለመንዳት ዝግጁ የሆነች፣ ጃፓን ሠራሽ ሞተር ሳይክል» ብዬ ጀመርኩ። እስከዚህ ደህና ነበር። ከዚያ በኋላ ግን እጄ አልቆም አለኝ። ካንዴላዋን በምን ያህል ጊዜ እንደምጠርግ፣ ካቴናዋን ቅዳሜ ቅዳሜ በነጭ ጋዝ እንደማጥብ፣ ወደ ደጋ ስትወጣ አየሩ ስለሚሳሳባት ካርቡራተሯን በካቻቢቴ ሩብ ዙር መፍታት እንደሚያስፈልግ ጻፍኩ። ገጹ ሞልቶ ጀርባውን ገለበጥኩ። ባለቤቴ ጥሩነሽ መነጽሯን አድርጋ እስከ መጨረሻው አነበበችና «ንጉሤ፣ ይሄ የሽያጭ ማስታወቂያ ነው ወይስ ቀብር ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ?» አለችኝ።

ለጊዜው ተናደድኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን እውነቷን ነው። እዚያ ወረቀት ላይ ያልገባውን ነው እንግዲህ አሁን የምጽፈው።

እኔ በላስታ ምድር ሠላሳ ስድስት ዓመት የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኜ ሠርቻለሁ። ደብዳቤው ላይ እንዲያ ይባላል እንጂ ገበሬው «የከብት ሐኪም» ነው የሚለኝ፤ ሲያስፈልገው ደግሞ «ዶክተር» ይለኛል፣ በሬው ሲድን። ደመወዙ ብዙ አልነበረም፣ ስለሱ ባላወራ ይሻለኛል። ሞተሯን መሸጥ የፈለግኩት በገንዘብ ችግር ሳይሆን በጉልበቴ ምክንያት ነው። የምትነሳው በእግር ተረግጣ ነው፤ ቀኝ ጉልበቴ ደግሞ አልረግጥም ካለ ዓመት አለፈው። አንድ ሰው ሞተሩን ለማስነሳት መንገደኛ መለመን ሲጀምር ነገሩ አብቅቷል።

ደሴ ሠልጥኜ ላሊበላ ስመደብ አንድ ሻንጣና አንድ ብርድ ልብስ ይዤ ነው የመጣሁት። የተቀበሉኝ ጋሽ መኩሪያ ነበሩ። በወረዳው ከሁሉ የቆዩት የክትባት ሰው እሳቸው ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሳቃቸውን የሚቆጥቡ። ከፊቴ በፊት ጫማዬን አዩ።

«ፈረስ ትጋልባለህ?»

«አልችልም ጋሼ።»

«ብስክሌትስ?»

«እሱን እችላለሁ።»

«በቃ፣ ሞተር ትችላለህ ማለት ነው። የሚቀርህ ፍርሃቱ ነው።»

ሞተሯ ያኔ አዲስ ነበረች። ሰማያዊ፣ ቁመቷ ከፍ ያለ፣ ዘይትና ቤንዚን ተደባልቆ የምትጠጣ። ጋሽ መኩሪያ ጠዋት ከመንካታቸው በፊት ጎንበስ ብለው ያደረችበትን መሬት ያዩ ነበር። የዘይት ጠብታ ካለ ሳያገኙ አይነሱም፤ ገበሬ ቢጠብቅ፣ ኃላፊ ቢጮህ ደንታቸው አይደለም። ከዚያ ቁልፉን ሳይከፍቱ ሦስት ጊዜ በቀስታ ይረግጡና በአራተኛው ከፍተው ያስነሷታል። «ተኝታ የነበረችን አታስደንግጣት» ይሉኛል። ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ አጠገቧ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ያን ጊዜ አያወሩም።

ከኪሳቸው የማትለይ አንዲት ደብተር ነበረቻቸው። እያንዳንዱ ቀበሌ ወርኃዊ በዓሉ መቼ እንደሆነ የተጻፈባት ናት፤ የሚካኤል አጥቢያ በአሥራ ሁለት፣ የማርያም በሃያ አንድ፣ የእስላም ቀበሌዎች ደግሞ የጁምዓና የገበያ ቀናቸው። ላስታ ላይ ክትባት ማለት ይህቺ ደብተር ናት። ገበሬው በሥራ ቀን በሬውን ከቀንበር ፈትቶ፣ በጉን ከግጦሽ መልሶ አያመጣልህም። በወርኃዊው በዓል ግን ቀንበር ይፈታል፣ ሰውም ከብትም ሰፈር ይውላል፤ ቅዳሴ ሲያበቃ ደርሰህ ነው የምትወጋው። አንድ አዲስ ኃላፊ መጥቶልን ይሄን «ኋላ ቀር አሠራር» አለና ከሰኞ እስከ ዓርብ ፕሮግራም አወጣ። ሰኞ ሁለት ፍየልና አንድ ውሻ መጡ። ማክሰኞ ውሻውም ቀረ። በሳምንቱ ደብተሯን ከጋሽ መኩሪያ ተውሶ ሲገለብጥ አየሁት።

ደብተሯ ውስጥ ግን በቀይ የተሰመረባቸው ቀኖችም ነበሩ። ዓመታዊ የንግሥ በዓሎች ናቸው። አጠገባቸው «አትሂድ» ይላል። የንግሥ ለት ታቦት ይወጣል፣ ድግስ አለ፣ ዘመድ ከሩቅ ይመጣል፤ ማንም ሰው ልቡ ከበግ ጋር አይሆንም። ሌላው የጋሽ መኩሪያ ሕግ መርፌ ከምግብ ይቀድማል የሚለው ነው። ላስታ እንግዳውን ሳያበላ አይለቅም። እሳቸው ግን «መርፌዬ ሳይጨርስ እኔ አልቀምስም» ብለው ቆመው ይጨርሳሉ፤ ማንም አይቀየማቸውም ነበር፣ ልማዳቸው ታውቋላ።

እኔ በአራተኛው ዓመቴ ሁለቱንም ሕግ በአንድ ቀን አፈረስኩ።

ጋሽ መኩሪያ ለሥራ ደሴ ወርደው ነበር። የበግ ፈንጣጣ በአጎራባች ወረዳ ተሰምቶ እኛም ጋ ክትባት ደርሶናል። ከገነተ ማርያም ወዲያ ባለች አንዲት ትንሽ ደብር በዚያው ሳምንት ንግሥ ነው። ቀዩን መስመር አይቼዋለሁ። ግን ሰው የሚበዛው ያን ቀን ነው፣ በጉም ይበዛል፣ በአንድ ቀን ጨርሼ ጋሽ መኩሪያ ሲመለሱ አስደንቃቸዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ወጣት ነበርኩ፣ ልታይ ልታይ ይለኝ ነበር።

የዚህ ክትባት ዱቄቱ በፈሳሽ ይበጠበጣል። ከተበጠበጠ በኋላ ከበረዶው ሳይለይ በሁለት ሰዓት ውስጥ ካላለቀ መርፌው ውሃ ነው። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ደርሼ በተሰበሰበው በግ ልክ በጠበጥኩ። ግማሹን እንደወጋሁ ከበሮው ተሰማ። ታቦቱ ሊወጣ ነው። በአንድ ጊዜ ሜዳው ባዶ ሆነ፤ በጉም ከባለቤቱ ጋር ሄደ። መሪጌታው መጥተው ክንዴን ያዙ። «ልጄ፣ ታቦት ነግሦ ሳትቀምስ ብትሄድ እኛን መናቅ ነው» አሉኝ። እንደ ጋሽ መኩሪያ ለማለት አፌን ከፈትኩ፣ ግን አፈርኩ። ጠርሙሱን ሞተሯ መቀመጫ ላይ በኮቴ ጠቅልዬ ትቼ ዳስ ገባሁ። ወደ በረዶው ሳጥን መመለስ እንኳን አልታሰበኝም፤ አሁን እመጣለሁ ብዬ ነዋ። ጠላው ጎደለ ሲባል ይሞላል፣ ተው ስል ይቀየማሉ፣ መዝሙሩም ጥሩ ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ስወጣ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ጥላው ዞሮ ኮቴ ፀሐይ ላይ ነው። ጠርሙሱን ስይዘው ሞቆ ነበር።

መድፋት ነበረብኝ። ሌላ ክትባት የለኝም። በጎቹ ተመልሰው እየመጡ ነው፤ ሰዉ ተሰልፎ «ሐኪም ይኑርልን» ይላል። ለዚያ ሁሉ ሰው «ጠላ ስጠጣ መድኃኒታችሁን አበላሸሁት» ማለት አቃተኝ። ወጋሁት። የመጨረሻዋ እትዬ ብርቄ ነበሩ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ከዘጠኝ በጎች በቀር ሌላ የሌላቸው። ታቦቱ መንበሩ ሳይገባ ሽኝቱን ትተው በጎቻቸውን ሲያሯሩጡ የመጡ ናቸው። እያንዳንዷን በጉልበታቸው መሃል አጣብቀው ያዙልኝ። ሲጨርሱ «እጅህ ይባረክ» አሉኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ፈንጣጣው ገባ። ጋሽ መኩሪያን ከኋላ ጭኜ ሄድን። ጠዋት የተወጉት በጎች ይግጣሉ። የከሰዓቱ ግን ጅራታቸው ሥርና ብብታቸው ቆስሎ፣ ዓይናቸው ተከድኖ፣ በየጉሮኖው ወድቀዋል። እትዬ ብርቄ ደጃፋቸው ተቀምጠዋል። ሰባቱ ሞተዋል። አልጮሁብኝም። «ያንተ መርፌማ የጎረቤቴን አድኗል» አሉኝ። «ጥፋቱ የኔ ነው። በንግሡ ለት ታቦቱን ትቼ በግ ልጎትት ወጣሁ። እሱ ነው የቀጣኝ።»

አንዲት ቃል ብትወጣኝ ይበቃ ነበር። «አዎ፣ እንግዲህ» ብዬ ቀና ሳልል ማስታወሻ መጻፍ ቀጠልኩ።

ስንመለስ ጋሽ መኩሪያ ሞተሯን አስቆሙኝ።

«ከተበጠበጠ ስንት ሰዓት ቆየ?»

«አራት።»

«ነገርካቸው?»

«አልነገርኳቸውም።»

ቢሮ ደርሰን ከሞተሯ ሲወርዱ «በጉስ ሞተ፣ አለቀለት። ሴትዮዋ ግን ገና ንስሐ ይገቡበታል» ብለው ገቡ። ሪፖርቱን እኔ ጻፍኩት፤ «በሽታው ክትባቱ ሳይሠራ ቀድሞ በመግባቱ» ይላል። እትዬ ብርቄ ጋ ሄጄ እናገራለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። በዚያ ሳምንት አልሄድኩም። በሚቀጥለውም። ከዚያ ክረምት ገባና ወንዙ ሞላ። ከመስቀል በኋላ ስሄድ ቤታቸው ተዘግቷል፤ ቆላ ልጃቸው ጋ ወርደው እዚያው አርፈዋል አሉኝ። ያቺ ሴት በራሷ ላይ ያንን ፈርዳ ነው የሞተችው። ይህን እስከ ዘንድሮ ለማንም አልተናገርኩም፣ ለጥሩነሽም ጭምር።

ጋሽ መኩሪያ ጡረታ ሲወጡ የሞተሯን ቁልፍ ለኔ አስረከቡኝ። ከሃያ ዓመት በላይ የመሥሪያ ቤት ሆና ነዳኋት፤ አረጀች ተብላ በጨረታ ስትወጣም ገዛኋት። ከአቡነ ዮሴፍ ግርጌ እስከ ተከዜ ቆላ ያልደረሰችበት የለም። አገር በታመሰ ጊዜ ጭድ ክምር ውስጥ ቀብሬ አተረፍኳት፤ ጥሩነሽ «እኔን የት ልትቀብረኝ ነው?» እያለች ስትስቅ ነበር። መለዋወጫዋ ከገበያ ጠፍቶ እኔው ራሴ እየሞረድኩ፣ ከሌላ እያመሳሰልኩ ነው ያቆየኋት።

ማስታወቂያውን ጥሩነሽ ወደ ሦስት መስመር አሳጥራው መለዋወጫ መሸጫው በር ላይ ለጠፍኩት። መጀመሪያ የመጣው አቶ ደሳለኝ ነው፣ ከላይ ሰፈር ሆቴል ያለው። ዞር ዞር ብሎ እንኳን አላያትም፤ በስልኩ ፎቶ አነሳት።

«ጋሽ ንጉሤ፣ ሆቴሌ በር ላይ ነው የማቆማት። ከስር ሲሚንቶ፣ ከላይ አበባ። ቱሪስት እንዲህ ያለ ነገር ይወዳል።»

«ሞተሩስ?»

«ሞተሩማ ምን ያደርግልኛል? ከፈለጉ ያስወጡትና ይውሰዱት።»

የጠራው ዋጋ ጥሩ ነበር። ጥሩነሽ ዓይኗ አበራ። እኔ ግን እንቅልፍ የነሳኝ ሲሚንቶው ነው። ሥራዋን የምታውቅ ሞተር ሲሚንቶ ላይ ተተክላ፣ አገር ምድሩ እየመጣ ሲቀመጥባትና ሲስቅ ማየት አልፈልግም። ቅዳሜ መልስ እሰጥሃለሁ አልኩት።

ማክሰኞ ዘይነባ መጣች። ወረዳው እንስሳት ጤና ከገባች ሁለት ዓመቷ ነው፤ እኔ ልወጣ ስል የገባች። የጋሸና ልጅ ናት፣ አባቷ እዚያ ጎማ ጠጋኝ ናቸው። የቢሮው ሁለት ሞተሮች አንዱ ጎማ፣ አንዱ መለዋወጫ እየጠበቁ ቆመዋል። እሷ መኪና መንገድ እስካለበት በባጃጅ፣ ከዚያ ወዲያ በእግሯ ትሄዳለች፤ በረዶው ደግሞ አይጠብቃትም። ካንዴላውን ፈታ አየችው፤ ደረቅና ቡናማ ነው። ፍሪሲዮኑን ሳበች፣ ጎማውን በጥፊ መታ መታ አድርጋ አዳመጠች። አስነስታ ሰፈሩን ዞረች። ስትመለስ ጥርሷ ሁሉ ይታያል።

«ወላሂ ጋሼ፣ ከአዲሱ ትሻላለች!» አለችኝ። ዋጋ ተስማማን። ሊብሬውን ላመጣ ገባሁ።

ሊብሬው ያለበትን መሳቢያ ከፍቼ ቆምኩ። ከነዳጅ መያዣው ሥር፣ የሞተሯን አካል የሚሸከመው ወፍራም ብረት ላይ ብየዳ አለ። ከስድስት ዓመት በፊት ወንዝ ስሻገር ከድንጋይ ጋር ተላትሜ ተሰንጥቆ ነበር። ጋሸና አስበይጄ፣ በሞረድ አስተካክዬ፣ በራሷ ቀለም ቀብቼዋለሁ። ማንም አይቶት አያውቅም። ስድስት ዓመት አልተነቃነቀም፤ ግን ብየዳ ብየዳ ነው፣ ዋስትና የለውም። ዝም ብል ዘይነባ ትገዛታለች። ብናገር ትሄድና ሞተሯ ለሲሚንቶው ትቀራለች። የፈለግኩት እንድትነዳ ነበር፣ ከዚህ በላይ የፈለግኩት የለም። መሳቢያውን ይዤ ብዙ ቆምኩ።

ወጥቼ ነገርኳት። ተንበርክካ በጥፍሯ ቀለሙን ፋቅ አደረገችው።

«ይሄን ባይነግሩኝ አላየውም ነበር» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ማን አስገደደዎት?»

ያኔ ስለ እትዬ ብርቄ ነገርኳት። ከበሮውን፣ ኮቱን፣ ጠርሙሱን፣ ሪፖርቱን፣ ሁሉንም። ጥሩነሽ በር ላይ ቆማ እንደምትሰማ አላወቅኩም ነበር። ዘይነባ አላጽናናችኝም።

«ተበጥብጦ አራት ሰዓት? ፀሐይ ላይ?» አለች።

«አራት ሰዓት።»

«አስተግፊሩላህ» አለች ቀስ ብላ። ተነሥታ ጉልበቷን አራገፈች። «እስቲ ላስብበት ጋሼ» ብላ ሄደች።

ጥሩነሽ ማግስቱን ራት ስታቀርብልኝ ብቻ «ለሴትዮዋ ጸሎተ ፍትሐት እናስደርግ» አለች። «እሺ» አልኳት። አንገቴን ደፍቼ በላሁ። ሞተሯን ለአቶ ደሳለኝ እንደምሰጣት በልቤ ጨርሻለሁ፤ ሐሙስን ሙሉ ስጠርጋት ዋልኩ።

ዓርብ ጠዋት ዘይነባ መጣች። በአንድ እጇ ሁለት የራስ ቁር፣ በሌላው የክትባት ሳጥን ይዛለች።

«ጋሼ፣ ይነሡ። ቁልቁለቱን እንውረድ።»

«የት?»

«የገነተ ማርያም መገንጠያ ድረስ። እኔ እነዳለሁ፣ አንቱ ከኋላ። ብየዳው እንደሚይዝ ያምኑ የለ? ከያዘ ለሁለታችንም ይያዝ፣ ከለቀቀም አብረን ነን።»

ጥሩነሽ «ኧረ በማርያም!» አለች። እኔ ግን ሳቄ መጣ። ቁሩን አጠለቅኩ። ሳጥኑ የሚታሰርበትን ቦታ ስለያዝኩባት ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ፤ በሁለት እጄ አቀፍኩት፣ ይቀዘቅዛል።

ከላሊበላ ወደ አየር ማረፊያው የሚወርደውን መንገድ ስንት ሺህ ጊዜ ወርጄዋለሁ። ግን ሁልጊዜ የማየው ጠጠሩን፣ ጉድጓዱንና የሚመጣውን መኪና ነበር። ከኋላ ሰው ሥራ የለውም። ገብስ የያዙትን እርከኖች፣ ታች ጭጋግ ያልለቀቀውን ሸለቆ፣ ማዶ ያለውን ተራራ እንደ እንግዳ አየሁት። ትልቁ ቁልቁለት ጋ ስንደርስ «ሁለተኛ ማርሽ» ልላት ስል እሷ ቀድማ ገብታበታለች። ፍሬኑን አላቃጠለችውም፣ በሞተሩ ነው የያዘችው። ብረቱ እንዲጮኽ ጆሮዬን ጥዬ ጠበቅኩ። አልጮኸም። ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ነፋሱ ነው ብል ማንም ያምነኝ ነበር፣ ግን ነፋሱ አልነበረም።

መገንጠያው ላይ ቆመች። ወርዳ በስልኳ መብራት ብየዳውን አየችው፣ በጣቷ ዳሰሰችው።

«ንቅንቅ አላለም» አለች። «ግን ከዋጋው ይቀንሱልኛል።»

«እቀንስልሻለሁ።»

«ወረቀቱን ሰኞ እንጨርሳለን። ገነተ ማርያም ይጠብቁኛል።»

ሳጥኑን ከእቅፌ ወስዳ እኔ በተቀመጥኩበት ቦታ በጎማ ገመድ አጠበቀችው። «አብሽሩ ጋሼ፣ በሰዓቱ እደርሳለሁ» አለችኝ። ሌላ የምነግራት ነገር ፈለግኩ፤ የካርቡራተሩን ሩብ ዙር፣ ሦስተኛው ማርሽ ላይ የምታሰማውን ድምፅ። ሳልጀምር ሄደች። ከኩርባው ወዲያ ከተሰወረች በኋላም ድምጿን ለትንሽ ጊዜ ለየሁት።

ወደ ላይ የሚመለስ ባጃጅ አስቆምኩ። ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝና ደነገጠ። እኔን ያለሞተር አይቶኝ አያውቅም።

«ጋሽ ንጉሤ! ሞተርዎስ የት አለች?»

«ሥራ ሄዳለች» አልኩት።